በጋሽ ሽኩር በር ላይ የተተከለው ድንኳን

ልብ ወለድ ልትጽፉ ያሰባችሁ ካላችሁ አንድ ምክር ልለግሳችሁ። ደስ ያላችሁን ጻፉ። ዘንዶ አብርሩ፣ ንጉሥ ገልብጡ፣ ጨረቃን ለሁለት ክፈሏት፤ ማንም አይጠይቃችሁም። የጎረቤታችሁን በር ቀለም ግን አትጥቀሱ። ብልህ ከሰው ይማራል፣ ሞኝ ከራሱ ይባላል። እኔ የትኛዋ እንደሆንኩ እያነበባችሁ ትደርሱበታላችሁ።

አስተማሪ ነኝ፤ አራተኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ትንሽ ገባ ብሎ ባለው ሰፈራችን ስሜን የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሽማግሌውም ሕፃኑም "ቲቸር" ነው የሚለኝ። ባሌ እንኳ ሲቆጣኝ "ቲቸር" ይለኛል።

ተማሪዎቼ ታዲያ የሚያነቡት መጽሐፍ ሁሉ ጅብና ጦጣ ብቻ ሆነባቸውና "ቲቸር፣ ሌላ የለም?" እያሉ ነዘነዙኝ። የለም ማለት አንድ ነገር ነበር። እኔ ግን "ራሴ እጽፍላችኋለሁ" ብዬ አረፍኩት። ያውም በጊዜ ውስጥ ስለ መጓዝ! ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ሚጡ የምትባል የአሥር ዓመት ልጅ ናት። መጓጓዣዋን ሳስብ ሌላው ዓለም ብልጭ ድርግም የሚል የብረት ማሽን ይሠራል፤ እኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ነገር ቢቆም አንድ ሰው ከላይ እስከ ታች እያየ "ስንት ይሸጣል?" ይላል። ስለዚህ ሚኒባስ አደረግኩት። ማዞሪያው ላይ ወደ ዓለም ባንክ ሰፈር ከሚሄዱት ሚኒባሶች ጀርባ ይቆማል፤ ወያላው የሚጠራው የሰፈር ስም ሳይሆን ጊዜ ነው። "ትናንት ትናንት ትናንት! ለአምና አንድ ሰው! ከነገ ወዲያ፣ የሞላ!" እንደ ማንኛውም ሚኒባስ ካልሞላ አይንቀሳቀስም። ወደ ኋላ የሚሄደው ወዲያው ይሞላል፣ ወደ ፊት የሚሄደው ሰው አጥቶ ይቆማል። ይህን ጽፌ በራሴ ብልህነት ሁለት ቀን ፈገግ ስል ከርሜያለሁ።

እስከ ምዕራፍ አምስት ሚጡን ወደ ኋላ ስወስዳት ሁሉም ሰላም ነበር። ያለፈውን ሰው ጠይቆ ይጽፋል። የሚመጣውን ማንን ይጠይቃል? ምዕራፍ ስድስት ላይ ሰባት ዓመት ወደ ፊት ልኬያት፣ ከሚኒባሱ አውርጃት፣ ሰፈር አስገብቻት ቆምኩ። ሰፈራችን ያኔ ምን ይመስላል? እስክሪብቶዬን እያኘክሁ በመስኮት ብመለከት የሚታየኝ የጋሽ ሽኩር በር ነው።

ጋሽ ሽኩር ፊት ለፊታችን ነው ቤታቸው። ማዞሪያው ላይ ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣሉ። ሚስታቸው እትዬ ዘይነባ ካለፉ ቆይቷል፤ ወንዶቹ ልጆቻቸው ሩቅ ሀገር ናቸው፤ ከመጨረሻ ልጃቸው ከሐያት ጋር ነው የሚኖሩት። በራቸውን የቀቡት ከሱቅ በተረፈ ቀለም ስለሆነ ከላይ አረንጓዴ ከታች ብርቱካናማ ነው፤ መሃሉ ላይ ደግሞ አሸዋ የጫነ መኪና ወደ ኋላ ሲመጣ የገጨው ጎድጓዳ አለ። እንዲህ ያለ በር ኮልፌ ቀርቶ በዓለም ላይ ሁለተኛ የለም። እኔ ደግሞ እንዳለ ገለበጥኩት። ሚጡ ሰፈር ስትገባ ከላይ አረንጓዴ፣ ከታች ብርቱካናማ፣ መሃሉ ጎድጎድ ያለው በር ላይ ትልቅ ድንኳን ተተክሏል። አግዳሚው በሰው ሞልቷል። የሚስቁ አሉ፤ ዓይናቸውን የሚጠርጉም አሉ። ሚጡ ጠጋ ብላ ምን እንደሆነ ልታይ ስትል ወያላው ከማዞሪያው "ተመላሽ! ተመላሽ! የሞላ!" ብሎ ይጣራል። ሚጡ ትሮጣለች፤ ምዕራፉ ያልቃል።

ልብ አንጠልጣይ መሆኑ ነው። የማን ልብ እንደሚንጠለጠል ግን አላሰብኩም።

መጽሐፉ ታትሞ ወጣ፤ ልጆቹ ወደዱት። ሐያት የድሮ ተማሪዬ ናትና አንዱን ወስዳ ለአባቷ ጮክ ብላ ታነብላቸው ጀመር። ጋሽ ሽኩር ወያላው ላይ ሲደርሱ እስከ መንገድ የሚሰማ ሳቅ ሳቁ፤ እኔም በመስኮት ሰምቼ ደስ አለኝ። ምዕራፍ ስድስት ላይ ሳቁ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ በሬ ተንኳኳ።

"ደህና ዋልሽ ቲቸር?"

"ደህና ዋሉ ጋሽ ሽኩር? ይግቡ እንጂ።"

"አልገባም። በሩ የኔ ነው?"

"የቱ በር?"

"ጎድጓዳው።"

"እ... ማለት፣ ምናብ ነው እንጂ..."

"ምናብሽን መኪና ገጨው?"

 ኮፍያቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉት።

"ስሚ ቲቸር፣ ጥንቆላ ሐራም ነው፤ አላምንበትም። አንቺም ጠንቋይ እንዳልሆንሽ አውቃለሁ። ግን ከየት አመጣሽው?"

"ከመስኮት ነው ጋሽ ሽኩር። በመስኮት አይቼ ነው።"

"በመስኮት የታየሽ በሩ ነው። ድንኳኑ ከየት መጣ?"

"እንጃ፤ እንዲሁ መጣልኝ።"

"ማን ነው የሞተው?"

"አላውቅም።"

"እንዴት አታውቂም? የጻፍሽው አንቺ!"

"ልጅቷ ሮጠች እኮ፤ ወያላው ሲጠራት..."

"ተመልሳ ትይልኛ!"

ቀስ ብዬ ላረጋጋቸው ሞከርኩ። ልብ ወለድ ነው አልኳቸው። ሰባት ዓመት ደግሞ ብዙ ነው፣ እስከዚያ ማን ያውቃል አልኳቸው። ይህን ማለት አልነበረብኝም፤ ጋሽ ሽኩር ጣታቸውን አንሥተው ዝም አሰኙኝ።

"ሰባት ዓመቱ በኛ ነው በፈረንጅ?"

"ሰባት ዓመት እኮ በማንም ሰባት ዓመት ነው።"

"አይደለም! ፈረንጆቹ በሰባት ዓመት ይቀድሙን የለ?"

"ይቀድሙናል።"

"ታዲያ የኛ ሰባት ዓመት ወደ ፊት ማለት የነሱ ዛሬ ነዋ!"

አራተኛ ክፍል አስተማሪ መሆኔን አትርሱ። ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ነበረብኝ።  ስህተት መሆኑ ይሰማኛል፤ ስህተቱ የቱ ጋ እንደሆነ ግን አልያዝልሽ አለኝ። የባሰውን እኔው ጨመርኩት።

"አንዳንዴ ደግሞ በስምንት ነው የሚቀድሙን" አልኩ።

"በስምንት ከሆነማ አምና ሞቻለሁ!"

"ጋሽ ሽኩር፣ አሁን እኮ እያነጋገሩኝ ነው!"

"እሱን ነው የምልሽ!" ብለው ጥለውኝ ሄዱ። ምን እንዳሉኝ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

በማግስቱ ሐያት ዓይኗ ቀልቶ መጣች። ሰርጓ ወር አልቀረውም፤ ሰፈሩ ሁሉ ተጠርቷል።

"ቲቸር፣ አባዬ ድንኳን አይተከልም አለ።"

"የሰርግሽ?"

"የምንም። በሬ ላይ ድንኳን አላይም አለ። አዳራሽ እንከራይ ብለው የወንዱ ወገኖች ጠየቁ፣ እምቢ። ልጄ ከሰው በር አትወጣም አለ። ከበሩም አልወጣም፣ ከሰው በርም አልወጣም፣ ታዲያ በየት ልውጣ? እርስዎ ያመጡት ነው፣ እርስዎ ይመልሱልኝ።"

ይህን ጊዜ ነገሩ ቀልድ መሆኑ ቀረ። ሐያትን ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ። እናት የላት፤ ሰርጓን በእኔ ሚኒባስ ላስገጭባት?

መጀመሪያ በቅን ልቦና ጋሽ ሽኩር ዘንድ ሄድኩና ሁለተኛው ኅትመት ላይ "ሰርግ ነው" ብዬ እጽፋለሁ አልኳቸው። "አሁን ለማጽናናት ነው፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው" አሉኝ። ቀጥሎ ያልተሸጡትን መጻሕፍት ሰብስቤ "አረንጓዴ" እና "ብርቱካናማ" የሚለውን እየሰረዝኩ በእስክሪብቶ "ሰማያዊ" ብዬ አረምኩ። ጎድጓዳውንም ሰረዝኩ። የጋሽ ሽኩር በር ነፃ ወጣ ብዬ ተነፈስኩ።

አለባብሰው ቢያርሱ ባረም ይመለሱ! ሰማያዊ በር ያላቸው እትዬ ወርቄ ናቸው፤ ሦስት ቤት ወረድ ብሎ።

"ቲቸር፣ ምን በደልኩሽ?" አሉ ወሬው ደርሷቸው፣ ገና ከበር። "ልጅሽን ስትወልጂ አላረስኩሽም? ሽኩር አልሞትም ቢል ወደኔ ታዞሪዋለሽ?"

ይቅርታ ጠይቄ ሰማያዊውንም ሰርዤ "ጥቁር" አልኩ። ጥቁር በር ያለው የእድራችን ሰብሳቢ የአቶ ታፈሰ ቤት መሆኑን ያስታወስኩት መጻሕፍቱ ልጆቹ እጅ ከገቡ በኋላ ነው። ለካ በእኛ ሰፈር ባለቤት የሌለው ቀለም የለም።

አቶ ታፈሰ እንደ ሌሎቹ አልተቆጡም። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"ቲቸር፣ የእድሩን ሕግ ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ።"

"ድንኳን የሚወጣው በማን ፈቃድ ነው?"

"በእርስዎ።"

"ታዲያ እኔ ሳልፈቅድ ሰባት ዓመት ወደ ፊት ድንኳን ያወጣው ማን ነው?"

"ማንም አላወጣም፤ እኔ ነኝ።"

"አንቺ የንብረት ክፍል ነሽ? ደግሞስ የትኛው ድንኳን ነው? አዲሱ ነው ወይስ በስተግራ የተቀደደው?"

"አልገለጽኩትም።"

"ግለጪው! አዲሱ በይ። ሰባት ዓመት ሙሉ የተቀደደ ድንኳን የሚያዞር እድር አደረግሽን።" ከተነሡ በኋላ በር ላይ ዞር ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "የኔ በር ላይ ነው ግን?" አሉ።

እሑድ ጠዋት እድሩ ተሰበሰበ። የተጠራው ለሌላ ጉዳይ ነበር፤ ሌላው ጉዳይ ምን እንደነበር የሚያስታውስ የለም። አቶ ታፈሰ "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" ብለው ምዕራፍ ስድስትን እንዳነብ አዘዙኝ። የመጀመሪያውን፣ ያልታረመውን። ቆሜ አነበብኩ። በሕይወቴ እንደዚያ በጥሞና የሰማኝ ክፍል የለም።

"ይኸው!" አሉ እትዬ ወርቄ፤ "የሚስቁ አሉ ብላለች። ሰርግ ነው፤ አለቀ።"

"እንዴት ሰርግ ይሆናል?" አለ አንዱ ከኋላ። "በባለፈው ለቅሶ ካርታ ስንጫወት ስንስቅ አልነበር? እርስዎ ራስዎ ጮክ ብለው ስቀው ድንኳኑን ሊያፈርሱት ነበር እኮ!"

"ዓይናቸውን የሚጠርጉም አሉ፤ ስለዚህ ለቅሶ ነው።"

"የሙሽራ እናት ሰርግ ላይ አታለቅስም?"

"አግዳሚውስ?"

"አግዳሚው ያው አግዳሚ ነው። ድስቱም ያው ነው።"

 ያን ጊዜ ሁላችንም አንድ ነገር የገባን ይመስለኛል። ያው ድንኳን ነው፣ ያው አግዳሚ፣ ያው ሰው፤ ከሩቅ ለሚያይ ሰው ሰርጋችንና ለቅሷችን የሚለይበት ምልክት የለንም። አቶ ታፈሰ ለወደፊቱ ምልክት ቢበጅለት የሚል ሐሳብ አቀረቡ፤ አንዱ ባንዲራ አለ፣ ሌላው ፊኛ አለ፣ ስለ ፊኛው ቀለም ጭቅጭቅ ተነሣ፤ እኔ ቀለም ሲባል ተንቀጠቀጥኩ።

 ከዚያ ጋሽ ሽኩር ተነሡ።

"እኔ ሞት ፈርቼ አይደለም" አሉ፤ "ሞትማ የአላህ ነው። ያ በር ድንኳን ያየው አንዴ ብቻ ነው፤ የዘይነባ ለት። ወንዶቹም እዚያው ባሉበት አገቡ፤ ሌላ ድንኳን አላየም። እና ድንኳን ሲባል ሌላ አይታየኝም። አሁን ደግሞ ሐያት ትወጣለች። እሷ ከወጣች በዚያ በር ድንኳን ሊተከል የሚችለው ለማን ነው? ቤቱ ውስጥ የሚቀረው ማን ነው?" ብለው ተቀመጡ።

ሐያት ከሴቶቹ መሃል ነበረች፤ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች።

እኔም እዚያው ቆሜ፣ መጽሐፌን እንደያዝኩ፣ "ድንኳኑ ከየት መጣ?" ያሉኝ ጥያቄ መልሱ ዱብ አለልኝ። የእትዬ ዘይነባ ድንኳን ውስጥ እኔም ሦስቱን ቀን ተቀምጫለሁ። በመስኮቴም አይቼዋለሁ። እኔ ስለሚመጣው ጊዜ የጻፍኩ መስሎኝ ወደ ኋላ የሚሄደውን ሚኒባስ ነበር የተሳፈርኩት። አፈርኩ፤ አዘንኩም። እትዬ ዘይነባን የረሳኋቸው መስሎኝ ነበር እንጂ ለካ አልረሳኋቸውም።

እዚያው ጋሽ ሽኩር አጠገብ ሄጄ ተቀመጥኩ።

"ጋሽ ሽኩር፣ በፈረንጅ ከሆነ ዛሬ ነው ብለውኝ አልነበር?"

"ብያለሁ።"

"ትክክል ነዎት።" አስተማሪነቴን ይቅር በሉኝ። "ስለዚህ ያ ድንኳን የሚመጣ አይደለም፤ ደርሷል። የአሁን ነው። አሁን በርዎ ላይ ድንኳን የሚያስተክል ምን ጉዳይ አለ?"

ወደ ሴቶቹ አዩ። "የሐያት ጉዳይ።"

"መጽሐፉ ውስጥ ያለው ድንኳን አንድ ነው። ለሐያት ከተተከለ አለቀ። ካልተከሉት ግን ድንኳኑ እንደተንጠለጠለ ይቀራል፤ ያኔ ለምን እንደሚውል እኔም አላውቅም።"

ጋሽ ሽኩር ኮፍያቸውን አውልቀው አገላበጡት። 

"ሁለተኛ ድንኳን የለም?"

"የለም። መጽሐፉ ሌላ ቦታ ድንኳን የሚል ቃል የለበትም።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"እኔ ነኝ እኮ የጻፍኩት።"

"አንቺ ደግሞ የጻፍሽውን መች ታውቂያለሽ!" አሉና ብድግ አሉ። "ታፈሰ! ድንኳኑን አውጣ!"

"ሰርጉ እኮ ገና ነው፤ ሦስት ሳምንት..."

"ዛሬ አውጣ! ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ!"

በስንት ልመና፣ በስንት ሽማግሌ፣ እስከ ሰርጉ ዋዜማ ታገሡ። እስከዚያ ግን በየቀኑ የእድሩን ዕቃ ቤት እየዞሩ ድንኳኑ መኖሩን ያያሉ፤ ሰፈር ውስጥ የታመመ ሰው ካለ ራሳቸው ሄደው "በርታ እንጂ! እስከ ሰርጉ በርታ!" ይላሉ። በኋላ እንደሰማሁት ለአንዱ ጉንፋን ለያዘው ሰው ሾርባ ሁሉ ልከዋል።

የሰርጉ ለት ሰፈራችን ሰርግ ሆነ። አዲሱ ድንኳን ነው የተተከለው፤ አቶ ታፈሰ ለሚመጣው እንግዳ ሁሉ አዲሱ መሆኑን ይናገራሉ። አረንጓዴና ብርቱካናማው በር ተወልውሏል፤ ጎድጓዳው ግን አለ። እኔ አግዳሚ ላይ ሩዝና ሥጋ በሳህን ይዤ ተቀምጫለሁ። እትዬ ወርቄ ጎኔ ሆነው አንድ ነገር አውርተው በሳቅ ይፈርሳሉ። ጋሽ ሽኩር አዲስ ሱፍ ለብሰው በር ላይ ቆመው እንግዳ ይቀበላሉ፤ ሐያት ስትወጣ ሲያቅፏት ዓይናቸውን በኮፍያቸው ጠረጉ።

የሚስቁ አሉ፤ ዓይናቸውን የሚጠርጉም አሉ አልኩ በልቤ። ደስ አለኝ።

ቀና ስል መንገዱ ጫፍ ላይ አንዲት ልጅ ቆማለች። የአሥር ዓመት ገደማ። እሑድ ነው፤ እሷ ግን የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለብሳለች። የኔ ተማሪ አይደለችም፤ የሰፈራችንን ልጆች ሁሉ አውቃለሁ፣ ይህችን አላውቃትም። በሩን አየች። ድንኳኑን አየች። ጋሽ ሽኩርን ለማየት አንገቷን ሰገግ አደረገች፤ በመሃል ግን ሰው ቆሞባቸዋል። ፊቷ ላይ ፍርሃት አየሁ።

ከማዞሪያው በኩል ወያላ ተጣራ። ምን እንዳለ አልሰማሁም፤ ከዚህ ርቀት ዓለም ባንክም ይመስላል፣ ሌላም ይመስላል። ልጅቷ ዞረችና ሮጠች።

እኔ ጤነኛ ሴት ነኝ። ደመወዝ የሚከፈለኝ ሰው ነኝ። ሳህኑን እትዬ ወርቄ ጭን ላይ አስቀምጬ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ በባዶ እግሬ ተከተልኳት።

"አንቺ ልጅ! ሰርግ ነው! ሰርግ ነው እኮ!"

አልዞረችም። ከኋላዬ የሌላ ሰው እግር ሰማሁ። ጋሽ ሽኩር ናቸው፤ በአዲሱ ሱፍ፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው እየሮጡ። ማን ናት አላሉኝም። ምን ሆነሽ ነው አላሉኝም። አልፈውኝ ሄዱና መንገዱ መሃል ቆመው ባላቸው ድምፅ ሁሉ ጮኹ።

"ልጄ! ሰርግ ነው! ስትመለሺ ንገሪያቸው! ሽኩር አለ፣ ልጁን ዳረ በያቸው!"